ኢንካዎች በመጨረሻ የተጓዙበት መንገድ



በደቡብ አሜሪካ ስለምትገኘው ስለ ፔሩ በተነሣ ቁጥር ፈጥና ወደ ሐሳባችን የምትመጣው ማቹ ፒቹ ናት። በተራራ ትከሻ ላይ የታነጸችው የዚህች የድንጋይ ከተማ ሥዕል በየቀን መቁጠሪያው ስለሚታተም፣ ሄደን ያላየናት እንኳ የምናውቃት ይመስለናል። ባቡርና አውቶቡስም ጎብኚውን ከደጃፏ ያደርሱታል። እኔ ግን በዚህ ንግግሬ ላወሳላችሁ የምሻው ከእርሷ ወደ ምዕራብ ስላለው፣ ቪልካባምባ ስለሚባለው የተራራ አገርና በውስጡ ስለሚያልፈው ረጅም የእግር መንገድ ነው። መንገዱ ቾኬኪራው በተባለው የኢንካዎች ፍርስራሽ በኩል ወደ ቪትኮስ አልፎ፣ በመጨረሻ ደን በዋጠው በእስፒሪቱ ፓምፓ ይቆማል። እግሩ የጠና ሰው እንኳ ከአሥር ቀን በታች አይጨርሰውም። የኢንካ ነገሥታት ኩዝኮ ከተማቸውን ከተነጠቁ በኋላ መንግሥታቸውን ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ያቆዩት በጦራቸው ብዛት ሳይሆን በዚሁ አገር መንገድ ክፋት ነበርና፣ የመንገዱን ነገር ሳያውቁ የመንግሥቱን ነገር ማወቅ የሚቻል አይመስለኝም። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ጉዞው በመኪና ይጀመራል። ከኩዝኮ ተነሥታችሁ ካቾራ የምትባለውን መንደር ካለፋችሁ በኋላ ካፑሊዮክ ከተባለው አፋፍ ላይ ትቆማላችሁ። ከእግራችሁ በታች የአፑሪማክ ሸለቆ ተዘርግቶ ይታያል። አፑሪማክ በኬቹዋ ቋንቋ «የሚናገረው ጌታ» ማለት ሲሆን፣ ከአማዞን ወንዝ ምንጮች አንዱ ነው፤ ስሙ የተገባው መሆኑን የምትረዱትም ውሃው ገና ሳይታያችሁ ድምፁ ሲሰማችሁ ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ዳር ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ያህል ይሆናል። በጧት የደጋ ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው ከቀትር በኋላ ቁልቋልና እሾህ በሚበቅልበት ቆላ ውስጥ ልብሱን ሲያወልቅ ይገኛል። ማውለቁ ግን አይበጀውም፤ በወንዙ ዳር ያለው ጥቃቅን ትንኝ የነከሰው ቦታ ብዙ ቀን ያሳክካልና። ድልድዩን ከተሻገራችሁ በኋላ ደግሞ የወረዳችሁትን ያህልና ከዚያም በላይ፣ በተጠማዘዘ አቀበት መውጣት አለባችሁ።

የመንገድ መሪና የበቅሎ ነጂ ዋጋ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ድንኳኑን፣ ስንቁንና ድስቱን የሚሸከሙት በቅሎዎች ናቸው፤ ነጂዎቹም የዚያው አገር ገበሬዎች ሲሆኑ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በኬቹዋ ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው የዝናብ ወራት ገደሉ ስለሚናድ፣ መንገዱ የት ላይ እንደ ተቆረጠና በየት በኩል እንደሚዞር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ወደ ማቹ ፒቹ በሚወስደው፣ ስሙ በገነነው የኢንካ መንገድ ላይ ግን ጓዝ የሚሸከመው ሰው ነው። የተሸካሚዎቹ መከራ ስለ በዛ፣ በ2001 የወጣው ሕግ አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይጫንበት ደነገገ። እንዲህ ያለ ሕግ የሚሠራው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ የሚያነብ ሹም እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑን፣ በመንግሥት ሥራ ያላችሁ ሁሉ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ወይም በሦስተኛው ጧት ከቾኬኪራው ይደረሳል። የስሙ ትርጓሜ የሕፃን የወርቅ አልጋ ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ የተራራ ጀርባ ላይ አደባባዩ፣ ጎተራው፣ የውሃ ቦዩና የመኳንንቱ ቤት በየደረጃው ተሠርቷል፤ አንደኛው ጉብታ ደግሞ ጫፉ ተቆርጦ እንደ ገበታ ተደልድሏል፤ ይህም ለአምልኮ ሥርዓት የተዘጋጀ ሳይሆን አይቀርም። ግንቡ እንደ ኩዝኮ ግንብ ያለ ጭቃ የተገጣጠመ ጥርብ ድንጋይ አይደለም፤ የሚሰነጠቀው የአገሩ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተሠራ ነው። ነገር ግን በምዕራቡ ገደል ላይ ካሉት እርከኖች ዘንድ ስትወርዱ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ላማ በዚያ አገር ጭነት የሚጫን፣ ጠጉሩም የሚሸለት የግመል ዘመድ ነው፤ በእርከኖቹ ግድግዳ ላይ ነጭ ድንጋይ እየተገጠገጠ ከሃያ በላይ ላማዎች ተሥለዋል። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ እነዚህ ሥዕሎች ለዓለም የተገለጡት በ2004 ነው።

ከዚያ በፊት ወደ ቾኬኪራው ከመጡት ብዙዎቹን የጠራቸው በስሙ ውስጥ ያለው ወርቅ ነው። በ1834 ደ ሳርቲዥ የተባለው ፈረንሳዊ ጎብኝቶታል። በ1909 ሂራም ቢንገም የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ መምህር የመጣውም፣ የአውራጃው ገዥ የተቀበረ ሀብት ሲያስፈልግ ስለ ጋበዘው ነው። የተመኙት ሀብት አልተገኘም፤ ቢንገም ግን ያን ጊዜ ያደረበት ፍላጎት ሳይለቀው በ1911 ተመልሶ መጣና ማቹ ፒቹን ለዓለም አስተዋወቀ።

ከቾኬኪራው አብዛኛው ሰው በመጣበት ይመለሳል። ጉዞውን የሚቀጥል ግን ተረተሩን ታጥፎ ፒንቻኡኑዮክ ወደሚባሉት እርከኖች፣ ከዚያም ወደ ሌላ ጥልቅ ወንዝ ይወርዳል፤ ወርዶም እንደ ገና ይወጣል። ከማይሳል በላይ ያለው ደን ጉም የማይለየው ነው፤ ዛፉ ሁሉ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ሽበት ለብሷል፣ በግንዱም ላይ ኦርኪድ የተባለው አበባ ይበቅላል። በዓይኑ ዙሪያ መነጽር የመሰለ ነጭ ክብ ያለው ድብ የሚኖረው በእንዲህ ያለው ደን ነው፤ ከሰው ስለሚሸሽ ግን የሚያየው ጥቂት ነው። ከደኑ በላይ የተተዉ የብር ማዕድን ጉድጓዶች አሉ። ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን በር አልፋችሁ ስትወርዱ ያናማ የምትባለውን መንደር ታገኛላችሁ።

ያናማ ላይ ጎብኚውና ባላገሩ በሐሳብ ይለያያሉ። ለመንደሯ የመኪና መንገድ ደርሶላታል። ከሩቅ የመጣው እንግዳ የጎማ ምልክት ሲያይ ቅር ይለዋል፤ ባላገሩ ግን ምጥ የያዛትን ሴት በበቅሎ ጭኖ በሩን መሻገር የቀረለት በዚያ መንገድ ነው። በዚህ ነገር እኔ ከባላገሩ ጋር ነኝ። ለቾኬኪራው የታሰበው ግን ሌላ ነው፤ ሸለቆውን በጥቂት ደቂቃ የሚያሻግር በገመድ ላይ የሚሄድ ሠረገላ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲወጣ ሲወርድ ቆይቷል። መንገድ ባላገሩን ወደ ሐኪምና ወደ ገበያ ይወስደዋል፤ ሠረገላው ግን ጎብኚውን ከባላገሩ ራስ በላይ ያሳልፈዋል። በአየር ያለፈ ሰው ከፍርስራሹ በፊት ባለችው በማራምፓታ መንደር አያድርም፣ በቅሎ አይከራይም፣ ከምድጃው ዳር ተቀምጦ ድንች አይበላም። ድንችን ካነሣን ዘንድ፣ እኛም በየወጡ የምንጨምረው ይህ ተክል የትውልድ አገሩ እነዚሁ ተራሮች ናቸው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሺምፐር በተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እጅ እንደ ሆነ ይነገራል።

ከያናማ በኋላ ያለው ቾኬታካርፖ የተባለው በር 4,600 ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚያ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥራል፤ ነጂዎቹም በሩ ላይ ሲደርሱ ሦስት የኮካ ቅጠል በጣታቸው ይዘው ለተራራው ጌታ ያቀርባሉ። ከበሩ ወዲያ የምትወርዱበት በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ኢንካዎቹ ራሳቸው የሠሩት ነው፤ አምስት መቶ ዓመት በረዶና ጎርፍ ሲመላለስበት ኖሮ ዛሬም በቅሎ ይሄድበታል። የመንግሥቱ መንገዶች ተደምረው 30,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆኑ ነበር፤ ዩኔስኮም በ2014 በስድስት አገሮች ውስጥ ያለውን ቅሪታቸውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ሁሉ ያስተዳደሩት ሠረገላ ሳይኖራቸው፣ ብረት ሳያውቁ፣ እንደ እኛ ያለ ጽሕፈትም ሳይኖራቸው ነው። የግብሩን፣ የሕዝቡንና የጎተራውን ቁጥር የሚይዙት ኪፑ በተባለ፣ በቀለማትና በቋጠሮ በሚለይ ገመድ ነበር፤ መልእክቱንም ሯጮች እየተቀባበሉ ያደርሱታል። የፋይል መደርደሪያ ጠበበን ለምንል ለእኛ ይህ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

አሁን ወደ ቪትኮስ ደርሰናል። ማንኮ ኢንካን እስፓኛዊው ፒሳሮ በ1533 ለስም ያህል አነገሠው፤ እርሱም የደረሰበትን ውርደት ሊታገሥ ስላልቻለ በ1536 ተነሥቶ ኩዝኮን ለብዙ ወራት ከበበ። ከተማይቱን ለማስለቀቅ ባልቻለ ጊዜ በ1537 ወደነዚህ ተራሮች ገባ። በሮቹን ዘጋ፤ ድልድይ መቁረጥም የመከላከያው ብልሃት ሆነ። በዚያም ሳለ ከገዛ ወገኖቻቸው ጋር ተዋግተው የተሸነፉ ጥቂት እስፓኞች ሸሽተው መጡና ጥገኝነት ለመኑት። ማንኮ ተቀብሎ አስጠጋቸው፣ ከገበታውም አበላቸው። ከዕለታት አንድ ቀን የፈረስ ብረት ጫማ ወደ ዒላማ እየወረወሩ አብረውት ሲጫወቱ፣ ከኋላው በጩቤ ወጉት። ይህን የተረከው በዚያ ሰዓት ልጅ ሆኖ ከአባቱ አጠገብ የነበረውና እርሱም የቆሰለው ቲቱ ኩሲ ነው፤ ከነገሠ በኋላ በ1570 የአባቱን ታሪክ በቃሉ እየተናገረ አጽፎታል። አደባባዩ ዛሬም አለ። ተጓዡ ከዚያ ቆሞ በዙሪያው ያለውን ገደል ሲመለከት፣ ጦር ሊገባበት ያልቻለውን ስፍራ እንግድነት እንዴት እንደ ገባበት ያስተውላል።

ከቪትኮስ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በውሃ ዳር፣ ዩራክ ሩሚ የተባለ ታላቅ ነጭ ድንጋይ ቆሟል። በላዩ መቀመጫና ደረጃ መሰል ቅርጽ ተጠርቦበታል፤ ሕዝቡ ይሰግድለት ነበር። በ1570 ሁለት የእስፓኝ መነኮሳት ተከታዮቻቸውን ይዘው መጥተው በዙሪያው ያለውን መቅደስ አቃጠሉ። ቲቱ ኩሲ በ1571 በድንገት ታሞ ሲሞት፣ መድኃኒት አጠጥቶ ገደለው ተብሎ ከሁለቱ አንዱ ተገደለ። ወንድሙ ቱፓክ አማሩ ነገሠ። የእስፓኝ ንጉሥ እንደራሴ ቶሌዶ የላከው መልእክተኛ በድልድዩ ዘንድ በመገደሉ፣ በ1572 ጦር ዘመተ።

የጉዞው የመጨረሻ ክፍል የዚያን ጦር ዱካ ይከተላል። ሦስት ቀን ያህል ከብርዳማው ሜዳ ወደ ሞቃቱ ደን ይወረዳል፤ ጭቃው ይይዛል፣ ወንዙም በግንድ ድልድይ ይታለፋል። እስፓኞች ጁን 24 ቀን 1572 ቪልካባምባ ሲገቡ ከተማይቱን ባዶና ተቃጥላ አገኙአት። ቱፓክ አማሩ በወንዝ ወደ ታችኛው ደን ሸሽቶ ነበር፤ ሚስቱ መውለጃዋ ደርሶ ስለ ነበር ፈጥኖ ሊሄድ አልቻለም፤ ተይዞም በሴፕቴምበር ወር በኩዝኮ አደባባይ አንገቱ ተቀላ።

ቦታው ከዚያ በኋላ ተረሳ። ቢንገም በ1911 እስፒሪቱ ፓምፓ ደርሶ ጥቂት ቤቶችና የሸክላ የጣሪያ ክዳን ቢያይም፣ የኢንካዎች የመጨረሻ ከተማ ማቹ ፒቹ ናት ብሎ አመነ። ማቹ ፒቹ እጅግ ያማረች ስለ ሆነች ለታሪኩ ፍጻሜ እርሷ የተገባች መስላው ይሆናል። በ1964 ጂን ሳቮይ የተባለው አሜሪካዊ ደኑን ሲያስመነጥር ግን ከተማው ቢንገም ከገመተው እጅግ የሰፋ ሆነ፤ ክዳኑም በብዛት ተገኘ። ኢንካዎች ቤታቸውን በሣር እንጂ በሸክላ አይከድኑም ነበር፤ ስለዚህ ክዳኑ ከእስፓኞች የተማሩት መሆን አለበት። ሙሩዋ የተባለው መነኩሴም በጻፈው ታሪክ ውስጥ በቪልካባምባ የነበረው የኢንካው ቤት በሸክላ የተከደነ እንደ ነበር ይናገራል። የጠላትን ጥበብ ወስዶ በጠላት ላይ ለመቆም የሚሞክር መንግሥት ምልክት፣ እነሆ፣ ያ የተሰበረ ሸክላ ነው። በ2010 እና በ2011 ደግሞ ከኢንካዎች ብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበሩት የዋሪ ሰዎች መቃብር በዚያው ስለ ተገኘ፣ ደኑ ከማንኮም በፊት መሸሸጊያ ነበር ወይስ ከተማ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን እያነጋገረ ነው።

ከእስፒሪቱ ፓምፓ ጥቂት ሰዓት በእግር ወርዳችሁ መኪና ታገኛላችሁ፤ በኪያባምባ ከተማ በኩልም ወደ ኩዝኮ ትመለሳላችሁ። ከቪትኮስ በታች ካለችው ከሁዋንካካዬ መንደር የተከተሉአችሁ ነጂዎች ግን ጭነቱን አራግፈው፣ ባዶ በቅሎዎቻቸውን እየነዱ፣ በዚያው በጭቃው መንገድ ሽቅብ ይመለሳሉ።