እንጨት ከአፈር ጋር ሲገናኝ
በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች ስለ ቤት መሥሪያ እንጨት አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቤት የሚሠራ ሰው ወደ አጣና ተራ በሄደ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋን ነው። ቀጥሎም የእንጨቱን ውፍረትና ቀጥ ማለቱን ይመለከታል። ይህ ምርመራ በደጋው አገር ይበቃ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር በሚርቀው በነገሌ ቦረና፣ እንዲሁም በያቤሎ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱና በዶሎ ኦዶ ግን ከዋጋውም ከውፍረቱም የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ይህ እንጨት በቤቱ ውስጥ የት ቦታ ይቆማል? ከአፈር ጋርስ ይገናኛል ወይ? የሚል ነው። የዚህም ንግግር ዋና አሳብ በዚሁ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

የአገሩ ጠባይ

በአንድ ስም ቆላ ተብለው ይጠሩ እንጂ እነዚህ ከተሞች አንድ ዓይነት አይደሉም። ያቤሎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ነገሌ ወደ 1,500 ሜትር፣ ሞያሌ ወደ 1,100 ሜትር ሲጠጉ ዶሎ ኦዶ ከ200 ሜትር ብዙም አትርቅም። ሁሉንም የሚያስተባብራቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የዝናሙ ሥርዓት ነው፤ ዋናው ዝናም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው በመስከረምና በኅዳር መካከል ስለሚዘንም፣ እንጨት በዓመት ሁለት ጊዜ ይርሳል፣ ሁለት ጊዜም ይደርቃል። ሁለተኛው ምስጥ ነው። በቦረና ሜዳ ላይ እንደ ግንብ ቆሞ የሚታየው ኩይሳ ከመሬት በታች ስንት ሠራዊት እንደሚመላለስ ይመሰክራል።

ስም አያታልል

በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ስም ሁለት እንጨት ይሸፍናል። «ጽድ» ሲባል የሐበሻ ጽድ ሊሆን ይችላል፤ የፈረንጅ ጽድም ሊሆን ይችላል። የሐበሻ ጽድ ቀላ ያለው የመሐል ልቡ ምስጥንም ብስባሴንም አጥብቆ ይቋቋማል። የፈረንጅ ጽድ ግን ከተተከለ ጥቂት ዓመት ብቻ ቆይቶ የሚቆረጥ በመሆኑ አብዛኛው አካሉ ነጭና ለጋ ነው፤ ለጣሪያና ለኮርኒስ ይሆናል እንጂ በአፈር ውስጥ ሊቀበር አይገባውም።

የባሕር ዛፍም ነገር እንዲሁ ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በደጋው የተስፋፋው ነጭ ባሕር ዛፍ በጭነት መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ በምስጥ ፊት ደካማ ነው። ቆላውን የሚወደው ቀይ ባሕር ዛፍ ከርሱ ይሻላል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን የሚቆየው የመሐል ልቡ እንጂ ከልጡ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል አይደለም። ቀጭን አጣና ደግሞ ልብ የሚባል ነገር እምብዛም የለውም።

ዝግባ ለመጋዝና ለመላጊያ የተመቸ፣ ለበርና ለመስኮት የተወደደ ሲሆን ከእርጥብ አፈር ጋር ከተገናኘ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ወይራ ከባድና ጽኑ ነው፤ ሆኖም ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት አይገኝበትም። ግራር በየአካባቢው ቢገኝም ነጩ ክፍሉን ነቀዝ ስለሚወደው፣ ከተቆረጠ በኋላ ልጡ ካልተላጠ በጥቂት ወራት ውስጥ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ገዢው የእንጨቱን ስም ብቻ ሳይሆን የተቆረጠበትን ጫፍ ተመልክቶ ልቡ ምን ያህል እንደሆነ ሊለካ ይገባዋል።

ቤት ከየት ይፈርሳል?

በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ሲፈርስ ቋሚው ተነቅሎ ቢታይ፣ ከላይ ያለው ደህና፣ ከታች ጥልቅ የተቀበረውም ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል። የተበላው ወለሉ አጠገብ ያለው አንድ ክንድ ያህል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ውሃም አየርም ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ውሃ የለም፣ ከዚያ በታች አየር ያንሳል፤ በዚያች ጠባብ ስፍራ ግን ሁለቱም ይገኛሉ። የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 ከመቶ በታች ከሆነ ሻጋታ አያድግበትም። ምስጥም ከመሬት ወጥቶ የሚገባው በዚያው በር ነው።

እንጨት ከውሃና ከአፈር ከተጠበቀ ዕድሜው ምን ያህል እንደሚረዝም ከኢትዮጵያ ጥንታውያን ሕንፃዎች አንዱ ይመሰክራል። በ12ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠራ የሚነገርለት በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ በየረድፉ ተነባብሮ የተሠራ ሲሆን፣ በዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናም አይነካውም። የእንጨት ጠላቱ ዘመን ሳይሆን እርጥበት መሆኑን ከዚህ መማር ይቻላል።

የጽዱ ዋጋ

«እንግዲያውስ ሁሉም ሰው የሐበሻ ጽድ ይግዛ» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ለአንድ ቤት ሲታሰብ መልሱ ትክክል ነው፤ ለከተማ ሁሉ ሲታሰብ ግን አይሆንም። በነገሌ፣ በአሬሮና በያቤሎ ዙሪያ ያለው የጽድ ደን በድርቁ ዳርቻ ላይ የቆመ ደን ነው። ዛፉ ዝግ ብሎ ያድጋል፤ አንድ ጊዜ ከተመነጠረ በዚያ ደረቅ አፈር ላይ በቀላሉ አይመለስም። የሩስፖሊ ቱራኮ የተባለው ወፍ በዓለም ላይ የሚገኘው በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ መኖሪያውም የነዚህ ደኖች ዳርቻ ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ጽድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን በስም ጠርቶ ጥበቃ አድርጎላቸው ነበር። ያም አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 542/1999፣ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተተክቷል። አዋጅ ብቻውን ግን ደን አያድንም። ቋሚ ሁሉ በአፈር ውስጥ የሚተከል እስከሆነ ድረስ ሰው ጽድ መፈለጉን አይተውም። ፍላጎቱን የሚቀንሰው የአሠራር ለውጥ ነው።

እግሩን ማንሣት

ለውጡም ቋሚውን ከአፈር ማውጣት ነው። በድንጋይ የተገነባ መሠረት ከመሬት በላይ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢልና ቋሚው በላዩ ቢያርፍ፣ ርካሹ ባሕር ዛፍ የጽዱን ሥራ ይሠራል። ድንጋይ ምስጥን ጨርሶ አያግድም፤ ነገር ግን ምስጡ በድንጋዩ ፊት ላይ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ለመውጣት ስለሚገደድ ይታያል፤ ባለቤቱም በመጥረጊያ ያፈርሰዋል። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ ቢገባ ደግሞ መንገዱ ይበልጥ ይጋለጣል። የግድግዳው ምርጊት ግን እስከ መሬት ከወረደ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ምስጥ በጭቃው ውስጥ ተሰውሮ ይወጣልና።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአፈር ውስጥ የተተከለ ቋሚ በራሱ ይቆማል፤ በድንጋይ ላይ ያረፈ ቋሚ ግን በነፋስ ይገፋል። ስለዚህ በመሠረቱ ውስጥ በተቀበረ ብረት መታሰር፣ በየማዕዘኑም ሰያፍ ድጋፍ ማግኘት አለበት። ይህ የተረሳበት ቤት ከምስጥ ቢድን ከነፋስ አይድንም።

በየመንደሩ የሚደረገው የቋሚን እግር በእሳት መለብለብ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም መቀባት፣ ላይ ላዩን ብቻ የሚነካ ስለሆነ ስንጥቅ ሲፈጠር ጥቅሙ ያበቃል። ለኤሌክትሪክ መስመር እንደሚቆመው በግፊት መድኃኒት የገባበት እንጨት የተገኘ እንደሆነ እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን በመጋዝ የተቆረጠው ጫፍ ወደ አፈር መግባት የለበትም፤ ቁራጩም መዳብ፣ ክሮምና አርሰኒክ ሊኖርበት ስለሚችል ከቶ ለማገዶ ሊውል አይገባም።

ስለ ማድረቅ

ከደጋ በእርጥቡ የሚመጣ ባሕር ዛፍ ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ የሚበልጥ ውሃ ሊይዝ ይችላል። በነገሌ ደረቅ ወራት እርጥበቱ ወደ 10 ከመቶ ይወርዳል። ከ30 ከመቶ ግድም በታች ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል፤ በቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረውም ከልቡ ወደ ልጡ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አናጢዎች እርጥቡን የሚመርጡት ሚስማር በቀላሉ ስለሚገባበት ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ግን ያው ሚስማር ይላላል፤ የመጀመሪያው ብርቱ ነፋስም ቆርቆሮውን ያነሣዋል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ልጡን ልጦ በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየመካከሉ አየር እያስገቡ ለሁለትና ለሦስት ወር መደርደር፤ ከዚያም ደረቁን እንጨት ከሚስማሩ በቀጠነ መብሻ አስቀድሞ መብሳት።

ማጠቃለያ

ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃው ሰው ከየት ይጀምር? ከእግሩ ይጀምር። ኮርኒሱ ለከርሞ ይቆይ፤ ቀለሙም ይዘግይ፤ የድንጋዩ መሠረት ግን ቤቱ ከቆመ በኋላ በቀላሉ አይጨመርም። ጽድ የግድ ካስፈለገም ከመሠረቱ ጋር ለሚገናኘው አግዳሚ ብቻ ይዋል፤ ለማገርና ለወራጅ ጽድን ማዋል ማባከን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ አምስተኛ ክፍል ስለ እንጨት አጠቃቀም ይደነግግ ነበር። ደንቡ በመሐንዲስ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ቤቱን የሚሠራው ግን አናጢው ነው። እንግዲህ ለዚህ ማኅበር የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የመሠረቱን፣ የማሰሪያ ብረቱንና የሰያፍ ድጋፉን አሠራር የሚያሳይ አንድ ገጽ ሥዕል ይዘጋጅ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይጻፍ፤ በነገሌና በሞያሌ የአናጢዎች መሥሪያ ቦታም ይለጠፍ። ልኩ በክንድና በስንዝር ጭምር ቢጻፍበት ይበልጥ ይነበባል።