ማቆምን የሚያስተምሩ መምህር
(ሐይቅ ላይ በተደረገ የአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚህ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስተማሩት ትምህርት በደቀ መዛሙርታቸው አማካይነት ከአምባሰል አልፎ ለአገር ተርፏል። የመምህር ሥራ የሚለካው በተማሪው ነውና፣ ዛሬ የባቡር ነጂዎችን ስለሚያሠለጥኑ አንድ ባልደረባችን ልናገር እወዳለሁ። ስማቸው እንዳይነሣ ስለ ለመኑኝ ቃላቸውን አከብራለሁ።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ነጂዎቹ በአብዛኛው ቻይናውያን ነበሩ። ሙያው ወደ ወገኖቻችን የተሸጋገረው በአሠልጣኞች ትጋት ነው።

እኒህ ሰው አስቀድመው የሚያስተምሩት ማስነሣትን ሳይሆን ማቆምን ነው። የብረት መንኰራኩር በብረት ሐዲድ ላይ የመያዝ ኃይሉ ትንሽ ነው፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር ፍሬን ከተያዘም በኋላ ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል። መሪ የለውምና ሐዲድ የሚያቋርጥ ግመል ቢያጋጥመው ገለል ብሎ አያልፍም። ስለዚህ ሠልጣኙ እያንዳንዱን ምልክት በጣቱ ጠቁሞ፣ ድምፁን አሰምቶ ማረጋገጥ አለበት። አንድ ቀን አንዱ ሠልጣኝ ምልክቱን በልቡ ብቻ አንብቦ ቢያልፍ፣ «ልብህን ማን ሰማው?» ብለው የዕለቱን ልምምድ ውድቅ አደረጉበት።

እኛ መሐንዲሶች ድልድይ ሠርተን እናስመርቃለን። የእርሳቸው የሥራ ፍሬ ግን ሳይደርስ የቀረ አደጋ ነውና መራቂ የለውም። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መሥመር በወሎ ምድር ነጂ በሚሻበት ቀን ሐዲዱ ብቻውን አይበቃም። ማኅበራችን ከሚያከብራቸው ሥራዎች መካከል ለአሠልጣኝም ስፍራ እንዲሰጥ በትሕትና እጠይቃለሁ።