ጠበሉ እንዳለ፣ ጤና ጣቢያውም ይታከልበት



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። እኩዮቹን ይደበድባል፣ መምህሩን አይሰማም፣ ዕቃ ይሰብራል። እኔም «ጠበል ይጠመቅ» ብዬ ሸኘኋት። ስለ ጠበሉ አልጸጸትም፤ የምጸጸተው በዚያ ላይ በማቆሜ ነው። በዓመቱ ስጎበኛቸው ልጁ ከትምህርት ቤት ተባርሮ፣ ቤት ውስጥ በገመድ ታስሮ አገኘሁት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር የሥነ አእምሮ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያም እንዲህ ያሉ ልጆች እንዲረዱ መንገድ ከፍቷል፤ ሀገራችንም ተቀብላዋለች። ባለሙያው አስቀድሞ የልጁን ጆሮና ዓይን፣ የሚጥል በሽታም እንዳለበት ይመረምራል፤ የማይሰማ ልጅ እንቢተኛ መምሰሉ ብዙ ጊዜ ይዘነጋልና። ቀጥሎ የሚመጣው መድኃኒት ሳይሆን የወላጆች ሥልጠና ነው፦ መልካሙን ሥራ ወዲያው ማመስገን፣ ትእዛዝን አጭርና ግልጽ ማድረግ፣ ዱላን መተው። ከመምህሩም ጋር ይመካከራል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካል።

ነገር ግን የንስሐ አባቷ «ሂጂ» ካላሏት ስንቷ እናት ትሄዳለች? እንግዲህ ፈቃዷን ጠይቀን አብረን እንሂድ። የንስሐ ምሥጢር ከዚህ አይገባም፤ ባለሙያው የሚያስፈልገው በቤትና በትምህርት ቤት የሚታየው ጠባይ ብቻ ነው። ሰበካ ጉባኤውም ለተመላላሿ እናት የመጓጓዣ ይደግፍ፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት በዚህ ነውና።

ያ ልጅ ገመዱ ተፈትቶለት ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። አሁንም አልፎ አልፎ ይጣላል። ቀጠሮው በወሩ 12 ሲውል እናቱ ከሚካኤል ቅዳሴ በኋላ ይዛው ትሄዳለች።