ቢጫዋ መብራት እስክትጠፋ

እሷ፦ በታኅሣሥ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የናፍጣ መኪና አልነሳ ሲል ሹፌሩ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ያስጮኸዋል። በመጨረሻ ባትሪው ያልቃል፤ በጣም ያሳዝነኛል።

እሱ፦ መጠበቅ ነበረበት። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው የታመቀው አየር ሙቀት ነው። የቀዘቀዘ ብረት ያን ሙቀት ይወስድበታል። ከተማዋ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው።

እሷ፦ ማሞቂያ ካንዴላው ለዚህ ነዋ!

እሱ፦ አዎ። ቁልፉን ስታዞሪ ዳሽቦርዱ ላይ የተጠማዘዘ ሽቦ የመሰለች ቢጫ መብራት ትበራለች። የካንዴላው ጫፍ ከ800 ዲግሪ በላይ ይግላል። አዲሶቹ መኪኖች ጥቂት ሰከንድ ይበቃቸዋል፤ የቆዩት ከ10 ሰከንድ በላይ ሊፈልጉ ይችላሉ። ስትጠፋ አስነሺ።

እሷ፦ እየነዳሁ ብልጭ ድርግም ብትልስ?

እሱ፦ ያ ሌላ ነው። ለምሳሌ በናፍጣ ቮልስዋገኖች ላይ የሞተሩ መቆጣጠሪያ ብልሽት አግኝቷል ማለት ነው። የፍሬን መብራት ማብሪያ መበላሸት እንኳ ያመጣዋል፤ ካንዴላ ለመቀየር አትቸኩዪ።

እሷ፦ ሞተሩ እንዲነሳ ኤተር የሚነፉበትስ አሉ።

እሱ፦ ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ በፍጹም! የጋለው ጫፍ ኤተሩን ያለጊዜው አቀጣጥሎ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ይልቅ መካኒኩ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ በቴስተር ይለካቸው።