ስለ ጠመንጃ አያያዝና ስለ ጥናት ልማድ

ለከተማው ነዋሪዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግር ስለ ሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ሰላማዊ ሰው በቤቱ ስለሚያኖረው ጠመንጃ ነው፤ ሁለተኛው ለልጅም ለአዋቂም ስለሚያስፈልገው የጥናት ልማድ ነው። ሰሚ በመጀመሪያ «እነዚህን ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ ጣራ ሥር ነው፤ ሁለቱም እንደ ባለቤታቸው ልማድ ይጠቅማሉ ወይም ይጎዳሉ፤ ልጅም ከሁለቱ የትኛው እንደሚከበር የሚማረው አባቱ የሚናገረውን በመስማት ሳይሆን አባቱ ማታ ማታ በእጁ የሚይዘውን በማየት ነው።

ጠመንጃ በኢትዮጵያ ገጠር እንደ ማረሻና እንደ መጥረቢያ የሥራ ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ታሪክ የተሸከመ ዕቃ ነው። አረጋውያን የሚጠሯቸው ስሞች ራሳቸው ይህን ይመሰክራሉ፤ ውጅግራ የተባለው ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ»፣ ምንሽር የተባለውም ከኦስትሪያው «ማንሊኸር» የመጣ ስም ነው። እንዲህ ያሉት ጠመንጃዎች ከባሕር ወደብ በቅፍለት እየተጫኑ ገቡ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ላይ የአገር ነፃነት ተከበረባቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የመከራ ዘመንም አርበኞች በዱር በገደሉ ሲዋደቁ ብዙዎቹ የተኮሱት ከጠላት በማረኩት ጠመንጃ ነበር። ስለዚህ የአያቱን ጠመንጃ አክብሮ የሚያስቀምጥ ሽማግሌ ሊናቅ አይገባውም። እርሱ የሚጠብቀው ብረቱን ብቻ ሳይሆን የሰውን መታሰቢያ ጭምር ነውና።

ነገር ግን አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ውጅግራ አንድ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ ወጥቶ ሌላ ጥይት በእጅ ካልጎረሰ አይተኩስም ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት የሚገኘው ክላሽ ግን በአንድ ካርታ 30 ጥይት ይይዛል፤ ቃታው ተስቦ ከተያዘ ያንን ሁሉ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ይጨርሰዋል። የአያት ስሕተት የአንድ ጥይት ስሕተት ነበር፤ አያት ከተኮሰም በኋላ ሁለተኛውን እስኪያጎርስ ድረስ ንዴቱ ሊበርድለት፣ አስታራቂም ሊደርስ ይችል ነበር። የልጅ ልጅ ስሕተት ግን ለጸጸት ጊዜ አይሰጥም። መሣሪያው ሲፈጥን የሰው ጠባይ በዚያው ልክ ካልታረመ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

ሕግም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ደንግጓል። ፈቃድ ማውጣትን እንደ ውርደት የሚቆጥር ሰው ካለ ተሳስቷል። መሬቱን በስሙ ያስመዘገበ ገበሬ መሬቱን እንዳልተነጠቀ፣ እንዲያውም ማስረጃ እንዳገኘ ሁሉ፣ ጠመንጃውን ያስመዘገበ ሰውም «ይህን የያዝኩት በሕግ ነው፤ የሚሠራበትንም ኃላፊው እኔ ነኝ» ብሎ በአደባባይ መናገሩ ነው።

ከፈቃድ ቀጥሎ የሚመጣው አያያዝ ነው። ጠመንጃ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ መቆጠር አለበት፤ «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ነው ወንድምን የሚገድለው። አፈሙዙ በቀልድም ቢሆን ወደ ሰው አይዞርም። ተኳሹ ኢላማውንና ከኢላማው በስተኋላ ያለውን ለይቶ ሳያውቅ ጣቱን ቃታ ላይ አያሳርፍም። በቤት ውስጥ ጥይቱ ወጥቶ ጠመንጃው ለብቻው፣ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። በሠርግ፣ በለቅሶና በበዓል ቀን ወደ ሰማይ መተኮስም ደስታን ወይም ሐዘንን መግለጫ ተደርጎ ኖሯል፤ ሆኖም ወደ ላይ የወጣ ጥይት ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል፤ በማን ላይ እንደሚወርድም ተኳሹ አይመርጥም። ሙሽራ ሊያጅብ የተጠራ ሰው ድግሱን ወደ ለቅሶ ሊለውጥ አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ደም መመለስ ነው። ሁለት ቤተ ዘመዶች ደም ከተቃቡ ጠቡ በሁለት ሰዎች መካከል አይቀርም፤ የአባት ዕዳ ለልጅ እንደሚባለው ወደ ታናናሾቹ ይሻገራል። ደመኛ አለብኝ ብሎ የሚፈራ አባት ልጁን ወንዝ ተሻግሮ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት አይልክም። ልጁ አልበደለም፤ አልተኮሰም፤ ግን ከትምህርት ይቀራል። እንዲህ ያለውን ጠብ የአገር ሽማግሌዎች በዕርቅና በደም ካሳ፣ በኦሮሞም ዘንድ በጉማ ሥርዓት ሲያበርዱት ኖረዋል። አስታርቆ መንገዱን የከፈተ ሽማግሌ የትምህርት ቤት በር እንደከፈተ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንሻገር። ለምሳሌ ያህል አንድ አባወራ አለ እንበል። ይህ ሰው በሬ ሸጦ የገዛው ጠመንጃ በቤቱ ኩላብ ላይ ተሰቅሏል። ሁልጊዜ ከእራት በፊት ያወርደዋል፤ ከተጠቀለለበት ጨርቅ ይፈታዋል፤ አፈሙዙን ይመለከታል፤ ሰደፉን ይወለውላል፤ ብረቱን ዘይት ያስነካዋል፤ ጥይቱን ቆጥሮ መልሶ ይሰቅለዋል። ይህን አንድ ቀን እንኳ አያስታጉልም። ማንም አላዘዘውም፤ አባቱ ሲያደርግ አይቶ የለመደው ነው።

በዚያው ቤት የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አለች። ደብተሯ የተወሰነ ቦታ የለውም፤ አንድ ቀን ከእህል ጆንያ ላይ፣ አንድ ቀን ከምድጃው አጠገብ ይገኛል። ጭስ ያጠቁረዋል፤ ሕፃኑ ወንድሟ ገጹን ይቀድደዋል። ከእራት በኋላ መብራቱ ይጠፋል። ፈተና በደረሰ ሳምንት ብቻ ሌሊቱን ሁሉ ስትጨነቅ ታድራለች። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሲመጣም አባት «ይህች ልጅ ትምህርት አይገባትም» ብሎ ይፈርዳል።

ፍርዱ ትክክል አይደለም። አባቱ የጥናትን ምሥጢር ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ዕውቀቱን የሰጠው ለብረቱ ብቻ ነው። ጠመንጃው የማይዝገው የተወሰነ ቦታ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ በየቀኑ ጥቂት ሥራና ቆጠራ ስላለው ነው። ደብተርም የሚፈልገው እነዚህን አራቱን ነው። ቦታው ከጭስና ከሕፃን እጅ የራቀ ይሁን። ሰዓቱ አይለዋወጥ፤ ከእራት በፊት ከሆነ ሁልጊዜ ከእራት በፊት ይሁን፤ በዚያም ሰዓት ውኃ ቅጂ፣ እንጨት አምጪ አትባል። ሥራው በየቀኑ ጥቂት ይሁን፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና። ቆጠራው ደግሞ ጥይት እንደሚቆጠር ሁሉ የተማሩትን ማስታወስ ነው፤ ደብተሩን ዘግቶ ዛሬ የተማሩትን በቃል መናገር፣ የጎደለውንም ለይቶ ማወቅ ነው።

ይህ ባዶ ምክር አይደለም። ኤቢንግሐውስ የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እያጠና ምን ያህሉን እንደሚረሳ ለክቶ ነበር። መርሳት እጅግ የሚፈጥነው ከጥናቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ እየዘገየ እንደሚሄድ፣ ጥናትን በልዩ ልዩ ቀን ከፋፍሎ መደጋገምም በአንድ ቀን ከመከመር እንደሚሻል አገኘ። ስለዚህ ዛሬ የተማረውን ዛሬውኑ ማታ፣ ደግሞም ነገና ከሳምንት በኋላ የሚያስታውስ ተማሪ በፈተና ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ከሚነቃው ይበልጣል።

የአገሩ ሊቃውንትም ይህን በሥራ ያውቁት ነበር። ፊደል የቆጠረ ልጅ ዳዊትን በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየደጋገመ ይሄድበታል። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን በዛፍ ጥላ ሥር ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የቁርኣን ቤት ልጅም በእንጨት ሉሕ ላይ የጻፈውን በቃሉ ሳያሰማ አጥቦ ወደሚቀጥለው አያልፍም። እነዚህ ተማሪዎች የኤሌክትሪክ መብራትም የቤት ምቾትም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሰዓትና ሥርዓት ነው።

የጠመንጃና የጽሕፈት ዋጋ በአንድ ሰው ሕይወት ተገናኝቶ የታየበት ጊዜም አለ። አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ወደ ሸዋ አመጣ፤ ለንጉሥ ምኒልክም ሸጠ። ከንግዱ ግን እንደከሰረ አማርሯል። ይህ ነጋዴ ቀድሞ ባለቅኔ ነበር፤ ግጥም መጻፉንም የተወው በሃያ አንድ ዓመቱ ገደማ ነው ይባላል። ያመጣቸው ጠመንጃዎች የት እንደደረሱ ዛሬ የሚጠይቅ የለም፤ በልጅነቱ የጻፈው ግን በመላው ዓለም ይነበባል፤ በሐረርም በስሙ የተጠራ ቤት ይጎበኛል።

ለመንግሥት ሠራተኞችም አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሞፈርና ጠመንጃ ብቻ ያውቁ የነበሩ ብዙ ጎልማሶች ፊደል ቆጠሩ፤ ትምህርቱም ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ነገር ግን ካነበቡ በኋላ የሚያነቡት ያጡ ሰዎች ፊደሉን መልሰው ረሱት። ያልተወለወለ ብረት እንደሚዝግ ያልተነበበ ፊደልም ይዝጋል። እንግዲህ የወረዳና የቀበሌ ሹም የጠመንጃ ምዝገባውን ሕዝቡን በስብሰባ አስረድቶ፣ ሳያስደነግጥና ሳያጉላላ ያካሂድ። በከተማው ያለው ንባብ ቤትም የቢሮ ሰዓት ሲያበቃ የሚዘጋ ከሆነ ለተማሪ አይጠቅምም፤ ተማሪ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና በሩ እስከ ምሽት ክፍት ይሁን። መምህራንም በወላጆች ስብሰባ ላይ የልጁን ውጤት ብቻ ሳይሆን በቤቱ የጥናት ሰዓትና ቦታ እንዳለው ይጠይቁ።

በመጨረሻም ወደዚያ አባወራ ቤት እንመለስ። ከእርሱ የሚፈለገው ጠመንጃውን ጠልቶ እንዲጥል አይደለም። የሚፈለገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሕፃኑ ልጁ ቁመቱ እየጨመረ ነው፤ ሩቅ በማይሆን ቀን እጁ ኩላቡ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቀን በፊት ጠመንጃው ተመዝግቦ፣ ጥይቱ ወጥቶ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይግባ። ባዶ በቀረው ኩላብ ላይ ደግሞ የልጅቱ የደብተር ከረጢት ይሰቀል። አባትም ማታ ማታ ጨርቁንና ዘይቱን ይዞ በሚቀመጥበት ሰዓት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ብሎ ይጠይቃት፤ ማንበብ ባይችል እንኳ መስማት ይችላል። ሕፃኑ እጁን ወደ ኩላቡ ሲዘረጋ ያን ጊዜ የሚያገኘው ደብተር ይሆናል።