የተቆለፈው በርና የሕግ ቃል

(በራዲዮ የተነገረ)



የአንድ መንግሥት ሥርዐት የጸና መሆኑ የሚታወቀው ነገር ሁሉ በሰላም በሚሄድበት ቀን አይደለም፤ ሹም ከወንበሩ የሚነሣበት ቀን ሲደርስ ነው እንጂ። ለዚህ ምስክር የምትሆነን በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ሳሞአ የምትባል የደሴቶች አገር ናት። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም.፥ ይኸውም አውሮፓውያን ከ2020 እስከ 2021 በሚሉት ዘመን፥ በዚያች አገር የሆነውን እንመለከታለን።

የሳሞአ ሕዝብ ቍጥር 200,000 ያህል ነው። አገሪቱ በኒው ዚላንድ አስተዳደር ሥር ከኖረች በኋላ በ1954 ዓ.ም. ነፃነቷን አግኝታለች። ሕገ መንግሥቷ የእንግሊዝን የምክር ቤት ሥርዐት ከአገሩ ልማድ ጋራ ያስማማ ነው። ለሕዝብ እንደራሴነት የሚወዳደር ሰው «ማታይ»፥ ማለት ማዕርግ ያለው የቤተ ዘመድ አለቃ፥ መሆን አለበት፤ መምረጥ ግን ከ1983 ዓ.ም. ውሳኔ ሕዝብ ወዲህ ዕድሜው ለደረሰ ሁሉ ተፈቅዷል። አብዛኛው መሬት የቤተ ዘመድ ርስት ስለ ሆነም፥ የርስትና የማዕርግ ክርክር የሚዳኝ ልዩ ፍርድ ቤት አለ።

የዓመቱ ክርክር የተነሣው በዚሁ ፍርድ ቤት ምክንያት ነው። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቱኢላኤፓ ሳኢሌሌ ማሊኤሌጋኦይ፥ የርስቱ ፍርድ ቤት ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ቍጥጥር ወጥቶ ለብቻው እንዲቆም የሚያደርጉ ሦስት የሕግ ረቂቆች አቀረቡ። ምክትላቸው ፊያሜ ናኦሚ ማታአፋ፥ የነፃይቱ ሳሞአ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ፥ ረቂቆቹን ተቃውመው በዓመቱ መግቢያ ላይ ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ሕጎቹ በታኅሣሥ ወር ጸደቁ፤ ፊያሜም ፋስት የተባለው አዲስ ፓርቲ መሪ ሆነው ለምርጫ ቀረቡ።

ምርጫው ሚያዝያ 1 ቀን ተደረገ። ከ51ዱ መቀመጫዎች ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ከጥቂት ጊዜ በቀር፥ አገሩን የገዛው የሰብአዊ መብት ጥበቃ ፓርቲ 25 አገኘ፤ ፋስትም 25 አገኘ፤ አንዱን የወሰደው ፓርቲ የሌለው ተወዳዳሪ ነበረ። ሁሉም የእኚህን ሰው ቃል ሲጠባበቅ የምርጫ ኮሚሽነሩ አዲስ ነገር አመጡ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከእንደራሴዎቹ ቢያንስ ከመቶ ዐሥሩ ሴቶች እንዲሆኑ ያዝዛል። የተመረጡት ሴቶች አምስት ነበሩ። ከ51 ሰው ዐሥር በመቶው አምስት ሰው ከዐሥረኛ እጅ ስለ ሆነ፥ ለዚያች ዐሥረኛ እጅ ሲባል ስድስተኛ ሴት ከገዢው ፓርቲ ተሾመች። ወዲያውም ብቻውን የነበረው እንደራሴ ወደ ፋስት ገባና ሁለቱ ወገኖች 26 ለ26 ሆኑ። ርእሰ ብሔሩ ምርጫው ተሰርዞ በግንቦት እንዲደገም አዘዙ።

ፋስት አቤቱታውን ወደ ዳኞች አቀረበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ግንቦት 9 ቀን ሹመቱንና ዳግም ምርጫውን ሻረ። ኋላ የይግባኝ ዳኞች ስድስት የሚለው ቍጥር ትክክል መሆኑን ተቀብለው፥ ሹመቱ ግን የምርጫ ክርክሮች ሳያልቁ ያለ ጊዜው የተደረገ ነው አሉ። ለአንዱም ለሌላውም ወገን ሳያደሉ ሕጉን እንዳነበቡት እዩ።

ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱ ከምርጫው በኋላ በ45 ቀን ውስጥ እንዲሰበሰብ ያዝዛል። የመጨረሻው ቀን ሰኞ ግንቦት 16 ነበረ። ርእሰ ብሔሩ ስብሰባውን ከጠሩ በኋላ ቅዳሜ ማታ መልሰው አገዱት፤ ዳኞቹም በዕለተ እሑድ ተቀምጠው እገዳውን ሻሩ። ሰኞ ጧት ዋናው ዳኛና ባልንጀሮቻቸው የዳኝነት ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ምክር ቤቱ በእግራቸው ቢሄዱ በሩ በአፈ ጉባኤው ትእዛዝ ተቆልፎ አገኙት። ዘበኛ ጠርተው በሩን አላሰበሩም፤ አይተው ተመለሱ። የፋስት እንደራሴዎች በዚያው ቀን ከበሩ ፊት በሣሩ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ማሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል አንዲት አገር መንግሥት ነን የሚሉ ሁለት ወገኖች ነበሯት። ነገር ግን ደም አልፈሰሰም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ የድንኳኑን መሐላ አላጸደቀም ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን ሐምሌ 16 ቀን መሐላው የጸና ነው፥ ፋስትም ከግንቦት 16 ጀምሮ መንግሥት ነው ብሎ ፈረደ። ቱኢላኤፓ ፍርዱን ተቀበሉ፤ ፊያሜም የመጀመሪያይቱ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ወደ ቢሮው ገቡ።

እንግዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ ምን እናተርፋለን? ቍልፍ በሹም እጅ ይቀመጣል እንጂ የሹሙ ንብረት አይደለም። ማኅተም፥ መዝገብ፥ የካዝና መክፈቻ ሁሉ እንዲሁ ነው። በወንበር የተቀመጠ ሰው ወንበሩን ከገዛ ገላው የተለየ መሆኑን የረሳ ዕለት፥ በር መቆለፍ ሥራ ይመስለዋል። አባቶቻችን መንገድ ላይ የሚጣላ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲባል እጁን እንዲሰበስብ ማድረጋቸው፥ ቃል ከጉልበት እንዲበልጥ ብለው ነው። በሳሞአም ከዳኞች በኩል የወጣው ቃል ብቻ ነበረ፤ ከቍልፉም በለጠ።

የነገሩም ፍጻሜ ይህንኑ ያጸናል። በ2017 ዓ.ም. የፊያሜ መንግሥት ያቀረበው በጀት በምክር ቤቱ ድምፅ ወደቀ፤ ፓርቲያቸውም አስቀድሞ ተከፍሎ ነበር። ፊያሜ ሕዝቡን ወደ ምርጫ ጠሩ፥ በነሐሴም ተሸነፉ፥ ሥልጣኑንም አስረከቡ። ያን ጊዜ ድንኳን መትከል አላስፈለገም። በሕግ ቃል የገባ ሰው በሕግ ቃል ሲወጣ ማየት፥ ለአገር ከምርጫ ድል የማያንስ ሀብት ነው።