ዋት ብቻውን ድምፅ አይሆንም



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከመብራት መሥመር ርቆ በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ለሚገለገል ቤተሰብ የተቃጠለ ስፒከር ቀላል ኪሳራ አይደለም። ብዙ ሰው ጥፋቱን በትልቅ አምፕሊፋየር ያሳብባል። ሆኖም አቅሙ አነስተኛ የሆነውም ከልኩ በላይ ሲከፈት የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል፤ ከዚያ የሚመጣው የተዛባ ኃይል ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር ያቃጥላል።

ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በትይዩ ሲቀጠሉ ጭነቱ 4 ኦም ይሆናል፤ ለዚህ ያልተሠራ አምፕሊፋየር ከመጠን በላይ ይግላል።

ኃይሉን ከ20 ወደ 40 ዋት ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ በ87 ፈንታ 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ይህንኑ ያለ ተጨማሪ ዋት ያስገኛል። እንግዲህ ባለሙያው ከዋቱ አስቀድሞ ኦሙንና ዴሲቤሉን ይጠይቅ፤ የገበሬው ባትሪም ገንዘብም የሚድነው በዚህ ነው።